ስለ ክቡ መድረክ፤ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ልዩ ልዩ ባንዶች ስለሚጫወቱበት ዝግጅት የቀረበ ሒስ

መግቢያ

የአንድን ሕዝብ ሙዚቃ ለማጥናት የተነሣ ሰው ዜማውንና ግጥሙን ብቻ ጽፎ ቢመለስ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ዘፋኙ በየት በኩል እንደቆመ፣ ፊቱን ወደ ማን እንዳዞረ፣ ሌላው ሲዘፍን እርሱ ምን ያደርግ እንደነበረ፣ አድማጩም ተቀምጦ ይሁን ቆሞ ያዳምጥ እንደነበረ ተመዝግቦ ካልተገኘ ሙዚቃው በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ያለው ስፍራ በትክክል አይታወቅም። ይህ ደንብ ለገጠር ሠርግና ለቤተ ክርስቲያን ማሕሌት እንደሚሠራ ሁሉ በዘመናዊ መሣሪያ አማካይነት በየቤቱ ለሚገባው ሙዚቃም ይሠራል። ቴሌቪዥን ራሱን የቻለ አዳራሽ ነውና የራሱ የሆነ የአቋቋምና የአቀማመጥ ሥርዓት አለው።

በዚህ ረገድ ሊመረመሩ ከሚገባቸው ዝግጅቶች አንዱ፣ ቢቢሲ የተባለው የእንግሊዝ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ከኦክቶበር 8 ቀን 1992 ጀምሮ በሁለተኛው የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲያቀርበው የኖረው «ሌተር ዊዝ ጁልስ ሆላንድ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቆየት ብሎ፣ ከጁልስ ሆላንድ ጋራ» እንደ ማለት ነው። ይህን ስም ሊያገኝ የቻለው «ዘ ሌት ሾው» ከተባለው የማታ የኪነ ጥበብ ዝግጅት ተከፍሎ የወጣ በመሆኑ ነው። ሥራው በአጭር ቃል ሲገለጽ፣ በዓይነት የማይገናኙ ባንዶችንና ዘፋኞችን በአንድ ስቱዲዮ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱን በየተራው በራሱ እጅና በራሱ ድምፅ እንዲጫወት ማድረግ ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ዝግጅት ስለሆነ ብዙ ተወድሷል፤ ብዙም ተነቅፏል። ይሁን እንጂ ውዳሴውም ነቀፌታውም የሚበዛው ስለ ተመረጡት ዘፋኞች ነው። እዚህ የሚመረመረው ጉዳይ ግን ሙዚቀኞችን በክብ ማቆም ምን ዓይነት ማኅበር እንደሚፈጥር፣ ያም ማኅበር የሚያሳየውን እኩልነት በእርግጥ ይዞት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

ከክቡ በፊት የነበረው ልማድ

ዝግጅቱ የመጣበትን ምክንያት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ልማድ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር ከሁሉ ይልቅ ሕዝብ ይመለከተው የነበረው የሙዚቃ ዝግጅት በጃንዋሪ 1 ቀን 1964 ተጀምሮ ሳምንታዊ ስርጭቱ በ2006 ያበቃው «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ነበር። በዚያ ዝግጅት ላይ አንድ ዘፈን ሊቀርብ የሚችለው በሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ነው። ዘፋኞቹም በአብዛኛው ዘመኑ የሸክላቸው ድምፅ ከኋላ እየተሰማ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር። ጊታር የያዘው ሰው ጊታሩን ይነካል፤ ነገር ግን የሚሰማው ድምፅ ከሳምንታት በፊት በሌላ ስፍራ የተቀረጸ ነው። ወጣቶቹ ተመልካቾች በዙሪያው ይወዛወዛሉ፤ የሚወዛወዙትም ለሰውዬው ይሁን ለሸክላው ለይቶ ለመናገር ያስቸግራል።

ከዚህ ልማድ ለመውጣት የተደረገ ሙከራ አልጠፋም። ከ1963 እስከ 1966 የቆየው «ሬዲ ስቴዲ ጎ» በ1965 አፍ ማንቀሳቀሱን ትቶ በእውነተኛ ድምፅ ማስዘፈን ጀመረ። ከ1971 እስከ 1988 የቆየው «ዘ ኦልድ ግሬይ ዊስል ቴስት» ደግሞ ጌጥ በሌለው ስቱዲዮ ውስጥ በረዥም ዘፈን ለሚታወቁ ባንዶች ስፍራ ሰጠ። ከ1982 እስከ 1987 ከኒውካስል ከተማ ይተላለፍ የነበረው «ዘ ቲዩብ» የተመልካቹን ትርምስ ሳይደብቅ አሳየ። ሚስተር ጁልስ ሆላንድም በቴሌቪዥን አቅራቢነት የታወቁት በዚሁ በ«ዘ ቲዩብ» ላይ ነው። ከዚያ በፊት «ስኩዊዝ» የተባለው ባንድ ሲመሠረት ጀምሮ የነበሩ ፒያኖ ተጫዋች ናቸው።

እነዚህ ዝግጅቶች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። ባንዱ በመድረክ ላይ፣ ሕዝቡ ከመድረኩ ሥር ወይም ከካሜራው በስተኋላ ነው። አንድ ባንድ ጨርሶ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የወረደው ባንድ የወጣውን ይስማው አይስማው የሚያውቅ የለም።

የክቡ አሠራር

«ሌተር» ይህን አቀማመጥ ለወጠ። በአንድ ሰፊ ስቱዲዮ ወለል ላይ በአንድ ሰዓት ዝግጅት የሚጫወቱት አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ቡድኖች ሁሉም መሣሪያቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ መካከል አዙረው፣ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ካሜራዎቹ በክቡ መካከል ይንቀሳቀሳሉ። የተጋበዘው ሕዝብ በባንዶቹ መካከልና ከበስተኋላቸው ይሆናል። አንዱ ቡድን ሲጨርስ መብራቱ ከእርሱ ላይ ይነሣና ማዶ ላለው ይበራል። ካሜራውም ዞሮ ይሄዳል። ለብዙ ዓመታት ማርክ ኩፐር በአዘጋጅነት፣ ጃኔት ፍሬዘር ክሩክም በዳይሬክተርነት የሠሩበት ይህ ዘዴ ለዝግጅቱ መታወቂያው ሆኗል።

የዚህ አቀማመጥ የመጀመሪያ ጥቅሙ የሥራ ጥቅም ነው። አንድ ባንድ ድራሙን፣ የድምፅ ማጉያውንና ማይክሮፎኑን አንሥቶ ሌላው እስኪተክል ድረስ ያለው ጊዜ በቴሌቪዥን ቤት ውድ ነው። ሁሉም አስቀድመው ተክለው ካደሩ ግን የሚዛወረው መብራቱና ካሜራው ብቻ ይሆናል። የባህል አጥኚዎች ደጋግመው እንደሚመለከቱት፣ ለሥራ ምቾት የተጀመረ ነገር ሲቆይ ትርጉም ያገኛል፤ ትርጉም ካገኘም በኋላ ምቾቱ ቢቀር እንኳ ሥርዓቱ አይለወጥም። ክቡም እንዲሁ ሆነ። ጊዜ ለመቆጠብ የሚያገለግለው አቋቋም ሙዚቀኞችን እርስ በርሳቸው አድማጮች አደረጋቸው።

የዚህን ነገር ክብደት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። በቤተ ክርስቲያን የማሕሌት ሥርዓት ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው ወገን ሲያዜም ሌላው ወገን መቋሚያውን ተደግፎ ያዳምጣል። የሚያዳምጠውም እንግዳ አይደለም፤ ዜማውን ያውቃል፤ ስሕተቱን ይለያል፤ ተራው ሲደርስ ከተተወበት ይቀበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የሚያዜመው አንድም ለአምላኩ፣ አንድም በሚያውቅ ጆሮ ፊት ነው። የለንደኑ ስቱዲዮ የጸሎት ስፍራ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ንጽጽሩም ስለ አቋቋሙ ብቻ ነው። በሁለቱም ዘንድ ዋናው ዳኛ ፊት ለፊት የቆመው ባለሙያ ነው።

በሚያውቅ ጆሮ ፊት መዝፈን

ይህ የአቋቋም ለውጥ በሙዚቃው ላይ ምን እንዳመጣ በሁለት ምሳሌዎች ይታያል።

የመጀመሪያው በ2004 የሆነው ነው። ናዝ የተባለው አሜሪካዊ የራፕ ዘፋኝ መምጣቱን በመሰረዙ በክቡ ውስጥ አንድ ስፍራ ባዶ ሆነ። በእርሱ ምትክ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ብቻ የተጠራችው ኬ. ቲ. ተንስታል የተባለች፣ ያን ጊዜ ያልታወቀች የስኮትላንድ ዘፋኝ ነበረች። ባንድ አልነበራትም። በእግሯ የምትረግጠው፣ ድምፅን ቀድቶ መልሶ የሚያሰማ አንድ መሣሪያ ነበራት። በተመልካቹ ፊት ጊታሯን በእጇ መትታ ምቱን ቀዳች፤ በላዩም የራሷን ድምፅ አከለች፤ እንዲህ እያደረገች አንድ በአንድ ጨምራ ብቻዋን ባንድ ሆነች። ይህ አሠራር በሸክላ ላይ ቢሰማ ከተራ ቅንብር አይለይም። በክቡ ውስጥ ግን ሙሉ ባንድ ይዘው የቆሙ ሰዎች እያዩዋት ሙዚቃውን ከመሠረቱ ስትገነባ ታየ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስሟ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። የታየው ነገር ብልሃት ብቻ አልነበረም፤ ሙዚቃ የሚሠራ ሥራ መሆኑ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የ2007 ነው። በጁን ወር በቀረበው ዝግጅት ላይ ፖል ማካርትኒና የአይስላንዷ ቢዮርክ ተገኝተው ነበር። በእነርሱ መካከል አዴል የተባለች፣ የመጀመሪያ አልበሟ ገና ያልወጣ፣ የ19 ዓመት ወጣት አንዲት ጊታር ይዛ ተቀምጣ ነበር። በሌላ ዝግጅት ቢሆን ታላቁ ባለ ዝና ለብቻው ከፍ ባለ መድረክ ላይ ይቀርብና ወጣቷ በመጀመሪያው ላይ ለማሟሟቂያ ትመጣ ነበር። እዚህ ግን ወለሉ አንድ ነው፤ ርቀቱም ጥቂት ክንድ ነው። የቢትልሶቹ ሰው ዝም ብለው ይሰማሉ፤ እርሷም መሰማቷን እያወቀች ትዘፍናለች። ካሜራውም አንዳንድ ጊዜ ከሚዘፍነው ላይ ተነሥቶ ወደሚያዳምጠው ይሄዳል። አንድ ሙዚቀኛ የሌላውን ሙዚቀኛ እጅ በጉጉት ሲመለከት፣ ወይም በእግሩ ምቱን ሲቆጥር፣ ወይም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ የሚያሳዩት እነዚህ አጫጭር ሥዕሎች ከዝግጅቱ ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ አላቸው። በሌላ የሙዚቃ ዝግጅት የማይገኝ ማስረጃ ናቸውና።

ሆኖም በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባል። ክብ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ የለውም ይባላል፤ የቴሌቪዥን ሰዓት ግን መጀመሪያም መጨረሻም አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍተውና የሚዘጋው ዝናው የገነነው ባንድ ነው። እርሱ ሁለት ሦስት ዘፈን ሲያገኝ እንግዳው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይደርሰዋል። ወለሉ እኩል ቢሆንም ደቂቃው እኩል አይደለም። ከዚህም ሌላ የክቡ መካከል የተያዘው በካሜራ ነው። ከሁሉ የተሻለውን ስፍራ የያዘው በቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ በስቱዲዮው ውስጥ የሌለው ተመልካች ነው። ጊዜ አጥፍቶ የመጣው ሕዝብ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የባንዱን ጀርባ ነው። ይህ ነቀፌታ ዝግጅቱን የሚያፈርስ አይደለም። ነገር ግን ክቡን አይቶ ፍጹም እኩልነት አለ ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ሊያስብበት ይገባል።

የአስተናጋጁ ፒያኖ

ዝግጅቱ የሚከፈትበት አንድ የታወቀ ልማድ አለ። አስተናጋጁ የእንግዶቹን ስም በየተራ ሲጠሩ ካሜራው ክቡን ይዞራል፤ በዚህም ጊዜ የተሰበሰቡት ባንዶች ሁሉ አንድ ቀላል ምት በአንድነት ይጫወታሉ። ሚስተር ሆላንድም በፒያኗቸው ይመሩታል ወይም ይከተሉታል። የእርሳቸው ስልት በዋናው ቡጊ ዉጊ የሚባለው፣ ግራ እጅ አንድን የባስ ዜማ ሳያቋርጥ የሚደጋግምበት፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የተወለደ የፒያኖ አጨዋወት ነው። ከዝግጅቱ ውጭም «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ ኦርኬስትራ» የተባለ የራሳቸውን ትልቅ ባንድ ይመራሉ። ስለዚህ የአስተናጋጅነት ሥራቸውን የሚሠሩት በሙያቸው ነው። ከሌሎች አቅራቢዎች የሚለያቸውና የሙዚቀኞቹን አመኔታ ያስገኘላቸውም ይኸው ነው።

የማኅበሩ ጉድለት የሚገለጠውም በዚሁ ቦታ ነው። በአንድነት የሚጫወቱት ምት የጋራ ቋንቋ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን የአስተናጋጁ ቋንቋ ነው። ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ባንዶች አስቸጋሪ አይሆንም፤ ሁሉም ከብሉዝ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸውና። ከሌላ ግንድ ለመጣው ሙዚቀኛ ግን መግቢያ በር ላይ የአገሩን ልብስ አስቀምጦ እንዲገባ እንደ መጠየቅ ይሆናል።

በክቡ ውስጥ ከአፍሪካ የመጡ ብዙ ሙዚቀኞች ቆመዋል። ከሰሜን ማሊ በረሃ የመጡት፣ በታማሼክ ቋንቋ የሚዘፍኑት የቱዋሬግ ባንድ «ቲናሪዌን»፣ ከባማኮ የመጡት ዓይነ ስውራን ባልና ሚስት አማዱና ማርያም (አማዱ በ2025 ዐርፈዋል)፣ ከሴኔጋል ባባ ማል ከእነዚህ ይቆጠራሉ። እነርሱን በዚያ ማቆሙ ራሱ በጎ ሥራ መሆኑን መመስከር ይገባል። በአውሮፓ የንግድ ልማድ የእንደነዚህ ያሉት ሰዎች ሙዚቃ «የዓለም ሙዚቃ» የሚል ስም ወጥቶለት በተለየ መደርደሪያ ይቀመጣል። ይኸው ቢቢሲ እንኳ በሦስተኛው የራዲዮ ጣቢያው አማካይነት ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ብቻ የተለየ ሽልማት ይሰጥ ነበር። ቀድሞ በክቡር ዘበኛ ባንድ ያገለገለው ማሕሙድ አሕመድም በ2007 ይህንኑ ሽልማት ተቀብሏል። ሽልማቱ ክብር ነው፤ ግን ተሸላሚውን ከእኩዮቹ ለይቶ ያቆማል። ክቡ ግን የማሊውን ባንድ ከእንግሊዙ የጊታር ባንድ ጎን ያቆመዋል፤ ተመልካቹም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለመስማት ይገደዳል።

የሆነ ሆኖ አቋቋሙ ያስገኘውን አንድነት ጊዜውና ምቱ ያጠቡታል። በበረሃ በእሳት ዙሪያ ሌሊቱን ሲቀጥል የሚያምረው የጊታርና የጭብጨባ ሙዚቃ በስቱዲዮው ውስጥ አራት ደቂቃ ያህል ተሰጥቶት ይቆረጣል። ይህን ችግር ለመረዳት የአገራችንን ሙዚቃ በዚያ ክብ ውስጥ አድርጎ ማሰብ ይበቃል። በትዝታ ቅኝት የሚዘፍን ሰው ምናልባት ከፒያኖው ጋራ ሳይቸገር ይሄድ ይሆናል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት የተቃኘ ማሲንቆ ግን ከብሉዙ የድምፅ ቅንብር ጋራ ይጋጫል፤ ወይ እርሱ ቅኝቱን መተው፣ ወይ ፒያኖው ዝም ማለት ይኖርበታል። አዝማሪውም ቢሆን ዜማውን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው አይደለም። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ፣ አሳምሮ፣ አንዳንዴም ነክሶ ይመልሳል። ተቀባይና ሰጪ ከሌለ የአዝማሪው ጥበብ ግማሹ ይቀራል። በአራት ደቂቃና በካሜራ ፊት ይህን ለማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ የተሻለው መንገድ ሁሉንም በአንድ ምት ማሰባሰብ ሳይሆን ምቱን ለእንግዶቹ በየተራ መተው ይመስላል። አንድ ምሽት የማሊዎቹ ጭብጨባ መክፈቻ ቢሆን፣ ሌላ ምሽት ሌላው፣ አስተናጋጁም በዚያ ላይ ተማሪ ሆነው ቢገቡ ክቡ የሚያሳየው እኩልነት በጆሮም ይሰማ ነበር። አስተናጋጁ ሁሉን ለመሸኘት የሚበቃ ጣት አላቸው፤ ጥሩ አስተናጋጅ ግን መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ነው።

«በቀጥታ» ስለሚባለው ቃል

የዝግጅቱ ዋና መኩሪያ ሙዚቃው በቀጥታ የሚቀርብ መሆኑ ነው። ነገር ግን ቀጥታ የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ስለሚጠራ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የእጅ ቀጥታነት ነው፤ ይኸውም የሚሰማው ድምፅ የሚታየው ሰው በዚያች ቅጽበት የሚያወጣው መሆኑ ነው። ሁለተኛው የሰዓት ቀጥታነት ነው፤ ይኸውም ተመልካቹ የሚያየው ነገር በዚያው ሰዓት እየተደረገ ያለ መሆኑ ነው።

«ሌተር» የመጀመሪያውን ከመነሻው ጀምሮ ጠብቋል። በመጀመሪያዎቹ 16 ዓመታት ግን ዝግጅቱ አስቀድሞ ተቀርጾ በኋላ የሚታይ ነበር። በ2008 ማክሰኞ ማታ ግማሽ ሰዓት በእርግጥ በቀጥታ እንዲተላለፍ፣ ዓርብ ደግሞ ረዘም ያለው የተቀረጸ ዝግጅት እንዲቀርብ ተደረገ። ይህ ለውጥ ለተመልካቹ ደስታን፣ ለሙዚቀኛውም ፍርሃትን ጨምሮ ይሆናል፤ በጥበቡ ላይ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣ አይመስልም። ባንዱ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጫወት አውቆ ሲጫወት፣ ከፊቱም የሚያውቁ ጆሮዎች ቆመው ሲሰሙት፣ ፊልሙ ከሦስት ቀን በኋላ ቢታይ እንኳ የተጫወተው ተጫውቷል።

ጥያቄው የሚከብደው በዘመን መለወጫው ዝግጅት ላይ ነው። ከ1993 ጀምሮ በዲሴምበር 31 ሌሊት «ሁተናኒ» የተባለ ልዩ ዝግጅት ይቀርባል። ሙዚቀኞችና የታወቁ ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሰዓት ይቆጠራል፤ የስኮትላንድ ከረጢት ዋሽንት ይነፋል፤ ሰዎቹ ይተቃቀፋሉ፤ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» ይባባላሉ። ይህ ሁሉ የሚቀረጸው አስቀድሞ በዲሴምበር ወር ውስጥ ነው። ነገሩ ምስጢር ባይሆንም ሰዎች በየዓመቱ ሲሰሙት ቅር መሰኘታቸው አልቀረም።

አንዳንዶች ይህን ቅሬታ የዋህነት ነው ይሉታል። ሙዚቃው እውነተኛ ከሆነ ቀኑ ምን ይጎዳል ሲሉ ይከራከራሉ። ለዘፈኑ ብቻ ከሆነ ክርክራቸው ትክክል ነው። በ2006 «ሁተናኒ» ላይ የቀረበው፣ ሲሲክ ስቲቭ የሚባለው ጢማም አሜሪካዊ፣ ሦስት ክር ብቻ ያለው የተጠጋገነ ጊታር ይዞ፣ በእግሩ የእንጨት ሳጥን እየደበደበ የተጫወተው ብሉዝ በየትኛውም ቀን ቢቀረጽ ያው ነው። በዚያች አንዲት ምሽት በመላው እንግሊዝ ለመታወቅ ያበቃውም የእጁ እውነት ነበር። በዓል ግን ከዘፈን የተለየ ነገር ነው። የበዓል ቁም ነገሩ ሰዓቱ ነው። ዋዜማ ሌላ ቀን ተቆሞ በዋዜማው ዕለት ሊታይ አይችልም፤ ችቦም በነሐሴ አጋማሽ ተለኩሶ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በራ አይባልም። ሰዎች በአንድ ሰዓት በአንድነት አንድ ነገር ማድረጋቸው ነው በዓልን በዓል የሚያሰኘው። ብቻውን በቤቱ የተቀመጠ ሽማግሌ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ከእነዚያ ሰዎች ጋራ ሰዓት ሲቆጥር፣ ከሕዝብ ጋራ ያለ መስሎት ነው። ሰዎቹ ግን ያን ሰዓት በየቤታቸው ናቸው።

ይህ ነቀፌታ ለእንግሊዞቹ ብቻ የሚነገር አይደለም። በአገራችንም በበዓል ዋዜማ በቴሌቪዥን የሚቀርቡት የሙዚቃ ዝግጅቶች ብዙውን ጊዜ ቀደም ብለው የተቀረጹ ናቸው። ታዳሚው የአገር ልብስ ለብሶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ቀርቦ ቀኑ የደረሰ ይመስላል። በዚያ ላይ ዘፋኙ በተቀረጸ ድምፅ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ቀጥታነቶች፣ የእጁም የሰዓቱም፣ አንድ ላይ ይጠፋሉ። «ሁተናኒ» ቢያንስ አንደኛውን ይጠብቃል።

ክቡ የተበተነበት ጊዜ

የአንድ ሥርዓት ዋጋ የሚታወቀው ሲቋረጥ ነው። ዝግጅቱ ለብዙ ዓመታት በምዕራብ ለንደን በሚገኘው የቢቢሲ የቴሌቪዥን ማዕከል ሲቀረጽ ኖሮ፣ ማዕከሉ በ2013 ሲዘጋ በኬንት ወደሚገኘው የሜይድስተን ስቱዲዮ ተዛወረ። ስቱዲዮው ቢለወጥም ክቡ አልተለወጠም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ግን ብዙ ሰዎችን በአንድ ክፍል መሰብሰብ ተከለከለ። ሚስተር ሆላንድ በራሳቸው ስቱዲዮ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ከሙዚቀኞች ጋራ በሩቅ መሣሪያ እየተነጋገሩ፣ የቀድሞ ዘመን ቅጂዎችን እየመረጡ ማሳየት ጀመሩ። አዲሶቹም ዘፋኞች እያንዳንዳቸው ባሉበት ስፍራ እየተቀረጹ ቀረቡ።

በዚያ ጊዜ የቀረቡት ዘፈኖች ከወትሮው ያነሱ አልነበሩም። እጁም ድምፁም እውነተኛ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘፋኙ ሲጨርስ ዝም ይላል፤ ማዶ ቆሞ የሰማው ሰው የለም። አንዱ ዘፈን ካንዱ ጋራ የሚያያዝበት ክር ተበጠሰና ዝግጅቱ የተደረደሩ ዘፈኖች ስብስብ ሆነ። ከዚህ ይልቅ ትምህርት የሰጡት አሮጌዎቹ ቅጂዎች ነበሩ፤ ተመልካቹ በእነርሱ ውስጥ ዘፋኙን ትቶ ከበስተኋላ የቆሙትን አድማጭ ሙዚቀኞች መፈለግ ጀመረ። ከወረርሽኙ በኋላ ዝግጅቱ በሰሜን ለንደን ወዳለው ወደ አሌክሳንድራ ፓላስ ቴአትር ገባ። ይህ ሕንጻ ቢቢሲ በ1936 መደበኛ የቴሌቪዥን ስርጭቱን የጀመረበት ስፍራ መሆኑ ሊታወስ የሚገባው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል፣ የዚህ ዝግጅት ብርታት አንድ ነው፤ ድካሙም ከዚያው ከብርታቱ ሲርቅ የሚመጣ ነው። ሙዚቀኞች እርስ በርሳቸው እንዲሰማሙ ሲያደርግ በቴሌቪዥን ታሪክ ጥቂት አቻ ያለው ሥራ ይሠራል። ማዳመጡን ትቶ ሁሉን በአስተናጋጁ ምት ሲያሰልፍ፣ ወይም ያልደረሰን ሰዓት ደረሰ ሲያሰኝ፣ ከሌሎቹ ዝግጅቶች የሚለይበት ምልክት ይደበዝዛል።

ለባህል አጥኚ ደግሞ ከሒሱ ሌላ የሚጠቅም ነገር አለ። ከ1992 ወዲህ የተከማቹት ቅጂዎች፣ የዚህ ዘመን ሙዚቀኞች በእጃቸው እንዴት እንደሚጫወቱ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያዳምጡ የሚያሳዩ ሰነዶች ናቸው። ስለ ዘፈን የተጻፈና የተቀረጸ ብዙ ነው፤ ስለ ማዳመጥ የተቀረጸ ግን ከጥቂቱ ጥቂት ነው።

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ. ም. (የኢትዮጵያ) ሥራውን ሲጀምር የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች በየድርጅታቸው ስም ቆመው ይፎካከሩ ነበር። ዛሬ የቴሌቪዥን ጣቢያው በዝቷል፤ ባንዱም በዝቷል፤ በየክልሉ የሚገኘውም የባህል ቡድን እንደዚሁ ነው። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ፣ ክራር የምትመታው ልጅ፣ ዋሽንት ነፊው፣ ሳክስፎን የያዘው ሽማግሌ ጡረተኛና የከተማው ወጣት ባንድ በአንድ ወለል ላይ ክብ ሠርተው ቢቆሙ የሚጠይቀው ወጪ ለበዓል ዝግጅት ከሚወጣው የሚበልጥ አይሆንም። የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የተቀረጸውን ድምፅ አጥፍቶ እጅን ማመን፣ አንዱም ሲጫወት ሌሎቹ ከስፍራቸው ሳይነሡ እንዲሰሙ ማድረግ። ከዚህም ሲደርስ መክፈቻውን ምት ማን ይመታል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እንግሊዞቹ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልመለሱት ጥያቄ ስለሆነ፣ ሥራው ሲጀመር አስቀድሞ ቢታሰብበት ይሻላል።